ለገማቹ ብዬ ያፈረስኩት ወለል

ይድረስ እንደ እናት ላሳደግሽኝ ለእትዬ፤ ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ደረጃ እንዳትወጪ ተከልክለሻል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አንቺ ደግሞ ተከለከልሽ ሲሉሽ ነው የሚያምርሽ፤ በሞቴ ቁጭ በይ። የአባባ ሳልስ ተሻላቸው? መስኮቱ ሥር ያለው አልጋቸው ላይ አሁንም ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይደርሳቸዋል ወይስ ጎረቤት የሚሠራው ፎቅ ከለለባቸው? ጣሪያው ተጠገነ? ልጆችስ ሰላም ናቸው? ትልቁ የሂሳብ ፈተና ሲደርስ ሆዱን የሚያመው ነገር ተወው? እኔ እንኳ «እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ለአንቺ ውሸት መጻፍ አልሆንልኝ አለ። ከጤና በኩል ሁላችንም በእግራችን ቆመናል፤ ለዚህ ተመስገን። ሌላው ሌላ ነው።

ይህን ወረቀት ያደረሰልሽ የአውቶቡስ ሹፌር በማግሥቱ ሲመለስ የአባባን ቤት ካርታ ይዞልኝ እንዲመጣ ተነጋግረናል። እትዬ፣ ለሹፌሩ ሻይ ስጪውና ይረፍ፤ አንቺ ደግሞ ይህን እስከ መጨረሻው ሳታነቢ ካርታው ያለበትን ሻንጣ እንዳትከፍቺ። ያን ዕለት በስልክ ገና «ባንኩ...» ከማለቴ «በቃ እልክልሃለሁ፣ አታልቅስ» ብለሽ ዘጋሽብኝ። ምን እንደደረሰብኝ እንኳ አልጠየቅሽኝም። ድሮም እንዲሁ ነሽ፤ እኔ እግሬን ሲመታኝ ድንጋዩን የምትመቺ ሰው ነሽ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ፤ በስልክ ከሆነ ድምፅሽን ስሰማ አፌ ይተሳሰራል።

ቤታችንን ስንገዛ አልመጣሽም፤ ጉልበትሽ ከለከለሽ። ትልቅ ቤት አይደለም፤ ሁለት መኝታ፣ አንድ ሳሎን፣ ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው ወጥቶ የሚጠብቅበት ወጥ ቤት ነው። ሳሎኑን ግን ማየት ነበረብሽ። ከየሥራ ቦታው በተረፈኝ ሴራሚክ ነው ያነጠፍኩት፤ የሐኪሙ ቤት ትርፍ አለበት፣ የሆቴሉ መታጠቢያ ትርፍ አለበት፣ የጫማ ነጋዴው በረንዳ ትርፍ አለበት። ባለቤቴ መሬት ቁጭ ብላ ቀለሙን እንደ ጥልፍ አዋደደችው። እኔ ደግሞ ፉጋውን፣ በሴራሚኩና በሴራሚኩ መሃል የሚሞላውን ማለቴ ነው፣ ክር አሳክዬ አወረድኩት። ደንበኛ ሲመጣ ናሙና አላሳይም ነበር፤ ጫማውን አስወልቄ ሳሎኔ ውስጥ ማቆም ነው። አብዛኛውን ሥራ ያገኘሁት በዚያ ወለል ነው።

ብድሩን ስንዋዋል ባንኩ ሁለት ዓይነት ወለድ አቀረበልኝ። አንዱ ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ የማይነቃነቅ፣ ሌላው ለጊዜው ዝቅ ያለ፣ ግን እንደ ገበያው የሚወጣና የሚወርድ። የማይነቃነቀው ውድ መሰለኝ። «ገበያው ሽቅብ ቢወጣስ?» ብዬ ስጠይቅ ያዋዋለኝ ሰውዬ «ስንት ዓመት ሙሉ አልወጣም እኮ» አለኝና ከረሜላ ጋበዘኝ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይሉ የለ፤ ከረሜላውን እየመጠጥኩ ተለዋዋጩ ላይ ፈረምኩ።

ከዚያ የአክሲዮን ገበያ ተናጋ ተባለ። እኔ አክሲዮን የሚባለው ነገር ቀይ ይሁን ጥቁር አላውቀውም። ባሕር ማዶ አንድ ትልቅ ባንክ ወደቀ፣ ሌላው ተከተለው እያሉ በሬዲዮ ሲያወሩ እኔ ሴራሚክ እየቆረጥኩ ነበር፤ በመቁረጫው ጩኸት ግማሹን አልሰማሁትም። የጨው ክምር ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል የሚባለው ለእኔ ነው። «እሰይ፣ አሁን ቤት ይረክሳል፤ ቤት ሲረክስ ገዢ ይበዛል፤ ገዢ ሲበዛ ወለል ይነጠፋል» እያልኩ አብረውኝ ለሚሠሩት ሁሉ ትምህርት ስሰጥ ዋልኩ። እነሱም ሞኝ ናቸው፣ አጨበጨቡልኝ።

ብዙም ሳይቆይ ባንኮች ለሕንፃ ሠሪዎች ማበደር አቆሙ። ልናነጥፈው የተዋዋልነው ፎቅ በር ላይ ሰንሰለት ተንጠለጠለ፤ የቀን ሠራተኛው ሁሉ ሰንሰለቱን እያየ ተበተነ። ቤት እውነትም ረከሰ፤ ገዢው ግን ገንዘቡን ጉያው ሸጉጦ ተቀመጠ። የእኔ ወለድ ብቻ እንደ ቦካ ሊጥ ተነሣ። አንዴ ጨመረ፣ ቻልነው። ደግሞ ጨመረ፣ ሞተር ብስክሌቴን ሸጥኩ። ሲሠልስ ባለቤቴ በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ የሌላ ሰው ተራ እየተቀበለች ትገባ ጀመር፤ እጇ በሳሙናው ተላልጦ ማታ ማታ የልጆቹን ፀጉር መሥራት አቃታት። የሴራሚክ መቁረጫዬንም ላወጣው ገበያ ሄጄ ነበር፤ የሙያ ጓደኞቼ ሁሉ መቁረጫቸውን ታቅፈው ተደርድረዋል። ሰላምታ ተለዋውጠን ሁላችንም መቁረጫችንን ይዘን ተመለስን።

እንዲህ ሆነን ሳለ ባንኩ ደወለና «ሐሙስ ዕለት ቤታችሁን የሚያይ ገማች ይመጣል» አለን። ለምን እንደሚመጣ አልጠየቅኩም። ገማች ለምን እንደሚመጣ ድሮ ነው የማውቀው፣ አይደል?

ከግድግዳችን ማዶ «ሚኒስትሩ» የምንላቸው ጎረቤት አሉን። ሚኒስትር ሆነው አያውቁም፤ የግብር መሥሪያ ቤት ሹፌር የነበሩ ጡረተኛ ናቸው፤ ግን የማያውቁት ነገር የለም። ነገሩን ስነግራቸው «ዕድሜዬን ሙሉ ገማች ሳመላልስ ኖሬያለሁ፤ ያለው ይጫንበታል፣ የሌለው ይታለፋል። ድሃ ምሰል!» አሉኝ። እስቲ ፍረጂኝ እትዬ፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር? የአባባን ሱቅ አስታውሺ። ግብር ገማች መጣ ሲባል ስኳሩ አልጋ ሥር፣ ጣቃው ጎረቤት፣ እኛ ደግሞ የተቀደደ ሹራብ ለብሰን ባዶው መደርደሪያ ሥር እንኮለኮል ነበር። አንቺን የሳንባ በሽተኛ እንድትመስዪ አዘዙሽና አበዛሽው፤ ገማቹ አዝኖ የመድኃኒት መግዣ ሰጥቶሽ ሄደ። እኛ በዚህ ያደግን ሰዎች ነን። ባለቤቴም ያደገችው እንዲሁ ነው፤ የእሷ ቤተሰቦች በግ ነበር አልጋ ሥር የሚደብቁት።

ስለዚህ ሥራ ጀመርን። ፍሪጁንና ሶፋውን ሚኒስትሩ ቤት አስገባን። መጋረጃ አወረድን፣ የሳሎኑን አምፖል ፈታን፣ ጣሪያው ያፈሰሰ እንዲመስል በባልዲ ውኃ ኮርኒሱ ላይ ደፋሁ። ሁሉም ነገር ድሃ መሰለ፤ ወለሉ ብቻ እምቢ አለ። ቤቱ ባዶ ሲሆን ጭራሽ አበራ። ሚኒስትሩ በሩ ላይ ቆመው «ይሄ ያጋልጥሃል» አሉኝ። ባለቤቴ «ምንጣፍ እናልብሰው» ብትል «ምንጣፍ ያለው ሰው ድሃ አይባልም» አልኳትና መዶሻና መሮ አመጣሁ። ጠንካራ አድርጌ ነበር የሠራሁት፤ አንዱን ለማንሣት ሦስቱን ሰበርኩ። እየሰበርኩም እንኳ «እንዴት ያለሁ ባለሙያ ነኝ!» ብዬ ኮራሁ፣ ታምኚኛለሽ? ደንቆሮ! ሳሎኑ መሃል አልጋ የሚያህል ቦታ እስኪገለጥ ድረስ አልተውኩትም። ባለቤቴ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች።

ገማቹ ትሑት ልጅ ነው። እንደገባ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ አለና ወለሉን ሲያየው ተወው። ክፍሎቹን ለካ፣ ፎቶ አነሣ፣ ኮርኒሱን አንጋጦ አየ። «ወለሉ ምን ሆኖ ነው?» ሲለኝ እኔ አፌን ሳልከፍት ሚኒስትሩ ከኋላዬ «ቤቱ እየሰመጠ ነው ልጄ» አሉት። ይህን አልተማከርንም! ከራሳቸው ያመጡት ነው። ልጁ «እየሰመጠ?» ብሎ ደግሞ ጠየቀ። እኔም በዕድሜ የገፋ ሰው አላዋርድም ብዬ «እንዲያው ትንሽ ትንሽ» አልኩት። ጻፈ። ጎንበስ ብሎ ሥሩንም ፎቶ አነሣው። ሲወጣልን መሬት ቁጭ ብለን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፤ ባለቤቴ ሳትቀር ሳቀች። ያ ሐሙስ ከስንት ወር በኋላ በቤታችን ሳቅ የተሰማበት ቀን ነበር።

በሳምንቱ ባንክ ተጠራሁ። የብድር ክፍሏ ሴትዮ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ወንበር ስባ ሰጠችኝና ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ገበያው ስለተናጋ ባንኩ ያበደረበትን ቤት ሁሉ እንደገና እያስገመተ ነው። ቤቱ ከዕዳው በላይ የሚያወጣለት ሰው የመክፈያ ዘመኑ ይረዝምለታል፣ የወር ክፍያውም ይቀልለታል። ገማቹ የመጣው ለዚህ ነበር እትዬ! ሊያቀልልን ነበር የመጣው! ቤቱ ከዕዳው በታች ከወረደ ግን ባለዕዳው ሌላ ማስያዣ ያመጣል፤ ካላመጣ ቤቱ በሐራጅ ይሸጣል። እኛ ጎዳና ላይ ያሉት፣ ከእኛ ቤት ጋር በአንድ ሰሞን የተሠሩት፣ ወለላቸው ልሙጥ ሲሚንቶ የሆነው ሁሉ አልፈዋል። «የእርስዎ ግን የመስመጥ አደጋ አለበት ይላል» አለችኝ።

ከወንበሩ ተነሥቼ «የምን መስመጥ! እኔ ነኝ ያፈረስኩት፣ በገዛ እጄ፣ በመዶሻዬ!» ብዬ ጮህኩ። መጀመሪያ የምቀልድ መስሏት ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይህን ሁለተኛ እንዳይናገሩት፤ ማስያዣን ሆን ብሎ ማበላሸት ለብቻው ውል ማፍረስ ነው» አለችኝ። ጠግኜ በድጋሚ ይገመትልኝ ብዬ ለመንኳት፤ ሁለተኛ ግምት የሚፈቀደው ዓመት ሲሞላ ነው፤ ለእኛ የተሰጠን ደግሞ እስከ ሰኔ መጨረሻ ነው። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆንኩልሽ፤ እውነቱን ብናገር ጥፋተኛ፣ ዝም ብል ቤት የለሽ። ዘበኛው መጥቶ ክንዴን ያዘኝ። የእሱን ቤት መታጠቢያ ያነጠፍኩት እኔ ነኝ፤ እስከ በሩ ሲሸኘኝ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም።

ያን ዕለት ነው የደወልኩልሽ። አንቺ «እልክልሃለሁ» ስትዪ መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት፣ ከወለሉ ወዲህ እህል ውኃ ያላለችኝ ሴትዮ፣ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። «እህትህን እግዜር ያኑራት» አለች። ልጆቹን አጥባ፣ ስብርባሪውን ጠርጋ፣ ሰው የሚገባበት ቤት አስመሰለችው። ከዚያ ወዲህ የሹፌሩን መመለሻ እየጠበቀች ነው። ይህን ስጽፍ እዚሁ አጠገቤ ሆና ልብስ ታጣጥፋለች። ለአንቺ ምስጋና የምጽፍ ነው የመሰላት።

አሁን የማልወደውን ልጻፍ። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ግቢያችን በር ላይ ጭነት መኪና ቆመ። እኛ ጋ የመጡ መስሎኝ ነበር። የመጡት ሚኒስትሩ ቤት ነው። ለካስ ልጃቸው ሚኒባስ ሲገዛ ቤታቸውን አስይዘውለት ኖሯል፤ ለማንም አልተናገሩም። የልጁም ወለድ እንደ እኔው ተነሣ፣ ተሳፋሪው ሥራ ፈትቶ ቤቱ ዋለ፣ ሚኒባሱ ተወሰደ፤ ሚኒባሱ ስላልበቃ የአባት ቤት ተሸጠ። ዕቃቸውን አንድ በአንድ እያወጡ መንገድ ላይ ደረደሩት። የእኛም ፍሪጅና ሶፋ ከመሃሉ ቆሟል። እሳቸው በነጠላ ጫማ ሆነው ከዕቃቸው መሃል ገብተው «ፍሪጅህን ውሰድ፣ ከእኔ ጋር እንዳይቆጠርብህ» አሉኝ። በዚያ ሰዓት ያሳሰባቸው የእኔ ፍሪጅ ነበር።

ልጃቸው መንገዱ ማዶ ቆሞ ነበር። የምናውቀው፣ ሲያልፍ ሲያገድም ልጆቼን በሚኒባሱ ትምህርት ቤት የሚያደርስልኝ ልጅ ነው። አባቱ አዩትና በስሙ ጠሩት። አልሰማም እንዳልል ሰምቷል፤ ትከሻው ዝቅ ሲል አይቻለሁ። ደግመው ሲጠሩት ፊቱን አዙሮ ሄደ። የሄደው ክፉ ስለሆነ አይደለም እትዬ፤ በምን ዓይኑ ይያቸው? እኔ ሰው ተሰብስቦ ሽማግሌውን ሲያጽናና የልጁን ጀርባ እያየሁ ቀረሁ። ሚኒስትሩ አሁን እኛ ሳሎን ሶፋው ላይ ነው የሚያድሩት። በሐራጅ ሊሸጥ ቀን የተቆረጠለት ቤት ሌላ የተሸጠበት ሰው አስጠግቷል፤ ሳቂ እንጂ ምን ትያለሽ! ጠዋት ጠዋት ሲነሡ «ወለሉን ያሰበርኩህ እኔ ነኝ» ይሉኛል። እኔም «የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ ልጅ አይደለሁም» እላቸዋለሁ። ሌላ ወሬ የለንም።

እትዬ፣ ካርታውን እንዳትልኪ።

አባባ ቤቱን በስምሽ ያዞሩልሽ ከእኔ አብልጠው ስለወደዱሽ አይደለም። እኔ ስሄድ አንቺ ስለቀረሽላቸው ነው። ያ ቤት ያንቺ ነው፣ የልጆችሽ ነው፣ ደግሞ የአባባ አልጋ ያለበት ነው። ካርታውን ባስይዘው እንኳ ቤቴን አላድነውም፤ ወለዱ በሚመጣው ወር ደግሞ ይጨምራል ብለዋል፣ ሥራ ደግሞ የለም። የምገዛው ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም በአባባ ጣሪያ። ጊዜው ሲያልቅ ያ መኪና አንቺ ደጅ ይቆማል፤ እኔም እንደዚያ ልጅ ማዶ ቆሜ ስጠራ ፊቴን አዞራለሁ። እንደማዞር ዐውቃለሁ። ከዚያ ቀን በፊት ብሞት ይሻለኛል።

ሌላ ልለምንሽ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሁለቱን ልጆች ልላክልሽ፤ አንድ ክፍል እስክንከራይ፣ ቤታቸው ሲሸጥ እንዳያዩ። ትልቋ እንዳታስቸግርሽ ዕቃ ታጥባለች፤ ትንሹ ሽንት ያመልጠዋል፣ አሁን ጀምሮበታል፣ እንዳትቆጪው። ምን እንደሚበሉና ምን ላይ እንደሚተኙ አትጨነቂላቸው፣ አንቺ ካለሽበት ሁሉ አለ።

ለባለቤቴ የምነግራት ሹፌሩ ከተነሣ በኋላ ነው። አሁን ብነግራት ታለቅሳለች፣ ስታለቅስ እረታለሁ። ደውላ ትለምንሽ ይሆናል፤ አትፍረጂባት፣ ለልጆቿ ነው። «እንቢ ያለው ወንድሜ ነው» በያት፤ ቂሙን እኔ ልሸከመው፣ አንቺን እንድትጠላሽ አልፈልግም።

ባልሽን ጋሼን ከነደግነቱ ሰላም በይልኝ፤ ጣሪያውን ራሴ እሠራዋለሁ ብሎ እንዳይወጣ፣ ዕድሜው አይፈቅድለትም። ትልቁን «ሂሳብ አይገድልም፣ አጎትህ ምስክር ነው፣ የገደለኝ ሌላ ነው» በይው። መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። የፊት ለፊቱን ክፍል የተከራየችውን አስተማሪ ስለ አባባ መድኃኒት አመስግኚልኝ። አባባን ጉልበታቸውን ስመሽ፣ የወንድምሽ ቤት እንዴት ሆነ ብለው ከጠየቁሽ ደህና ነው በያቸው፤ ይህችን አንድ ውሸት ለእኔ ስትዪ ዋሺ።

እንግዲህ ሹፌሩን ባዶ እጁን ስደጂው። እኔንም ታውቂኛለሽ፤ የሐራጁ ቀን ሲቃረብ እፈራለሁ፣ ደውዬ «ያን ሁሉ የጻፍኩት በንዴት ነው፣ ላኪልኝ» ብዬ አለቅስብሻለሁ። ያኔ የምትሰሚው የፈራ ሰው ድምፅ ነው። ወንድምሽ ይሄ የጻፈልሽ ነው። ስልኩን ዝጊብኝ።

ወንድምሽ
እስከ ወሩ መጨረሻ የእኛ ከሆነው ቤት
እሁድ፣ ሰኔ 9 ቀን